ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ

በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ሥራ በጀመረችበት ሳምንት ብዙ ስለማታወራ «ጭምት» አሏት፤ ጭምት ሆና ቀረች። ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ በሚሠራበት ግቢ ባሬላ ተሸካሚ ነበረች። የባሬላውን አንድ ጫፍ እሷ፣ ሌላውን ጫፍ ሁሉም እትዬ የሚሏት ጠና ያለች ሴት ይዘው ለለሳኞቹ ሲሚንቶ ሲያመላልሱ ይውላሉ።

አንድ ቀን ፎርማኑን፣ «ጋሼ፣ ልስን መማር እፈልጋለሁ» አለችው።

ፎርማኑ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሳቁ ግን አመለጠው። «እህቴ፣ ልስን ወገብ ይፈልጋል» አላት። «ይልቅ ባሬላሽን ያዢ።»

ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ተሸክማ አራተኛ ፎቅ ለምትወጣ ሴት ነው እንግዲህ ስለ ወገብ የሚያወራላት። ለሳኞቹ ሰምተው ተሳሳቁ። ጭምት የባሬላዋን ጫፍ አነሳች፤ ነገሩ ግን ከሆዷ አልወጣም።

በማግስቱ ምሳዋን ጎረስ ጎረስ አድርጋ ተነሳች። ለሳኞቹ ትተውት የሄዱትን ትራፊ ሲሚንቶ ሳይደርቅ በባልዲ ያዘች። እጀታው ተሰብሮ የተጣለ የልስን መለሰኛ ከፍርስራሽ ውስጥ አንስታ ስብራቱን በጨርቅ ጠቅልላው ነበር። ከዕቃ መጋዘኑ ጀርባ ማንም ዞር ብሎ የማያየው የብሎኬት ግድግዳ አለ። ሲሚንቶውን እዚያ ላይ ለጠፈችው። እግሯ ላይ ወረደ። ደግማ ለጠፈች፤ ደግሞ ወረደ። ሰዓቱ ሲያልቅ ጫማዋን አራግፋ ወደ ባሬላዋ ተመለሰች።

«የት ጠፍተሽ ነው?» አለች እትዬ።

«ልስን ስማር።»

«ማነው የሚያስተምርሽ?»

«ግድግዳው።»

በቀን ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ከዚያ አይበልጥም። ለሳኞቹ ካርታ ሲጫወቱ እሷ ትለጥፋለች፣ ታስተካክላለች፣ ከዚያ ለነገ ቦታ እንዲኖራት ሳይደርቅ ፍቃ ትጥለዋለች። በሦስተኛው ሳምንት ሲሚንቶው መውደቁን ተወ። በሁለተኛው ወር፣ ግድግዳው አስቀድሞ ውሃ ካልጠጣ ልስኑ እንደማይዝ ገባት። በአምስተኛው ወር ቱንቢ ጥላ ቀጥታነቱን ስታየው የግድግዳው ሆድ መነፋቱን ትቷል። አንዳንድ ቀን ክንዷ ዝሎ አንድ ስንዝር ብቻ ለስና ትመለሳለች። ባዶ እጇን የተመለሰችበት ቀን ግን የለም።

የለሳኞቹ አውራ «ወርቅ እጁ» የሚሉት ሰውዬ ነበር። ቅጽል ስሙ ሲያንሰው ነው፤ መጀመሪያ ላይ የለሰነው ግድግዳ መስታወት ይመስል ነበር። እሱ ደግሞ በየቀኑ ከሥራው ትንሽ ትንሽ ይቀንስ ጀመር። አንድ ቀን ሁለቴ የሚያርሰውን ግድግዳ አንዴ ብቻ አራሰ፤ ማንም አላወቀበትም። ሌላ ቀን ጭራሽ ሳያርስ ለሰነ፤ አሁንም ማንም አላወቀበትም። «ዓይኔ ራሱ ቱንቢ ነው» እያለ ቱንቢውንም ተወው።

ጭምት አንድ ጊዜ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ግድግዳ ደርቋል፤ ውሃ ላምጣልህ?» ብትለው ዞር ብሎም አላያት።

ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ዋናው መሐንዲስ መጡ። የመዶሻ እጀታ ይዘው ግድግዳ ግድግዳውን እያንኳኩ ሄዱ። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ድምፁ እንደ ባዶ በርሜል ሆነ። «ይሄ ይፍረስ። ይሄም። ይሄኛውም» አሉ። ወርቅ እጁ ተናደደና ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ሁለት ጓደኞቹ ተከተሉት። ፎርማኑ ራሱን ይዞ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

ልስኑ በፈረሰ በሁለተኛው ቀን ጭምት ባሬላዋን አስቀምጣ ወደ ጥግ ክፍል ገባች። ግድግዳውን አራሰች፤ ጠብቃ ደግማ አራሰች። ከዚያ ሳንቃው ላይ ወጥታ ጀመረች። ፎርማኑ ሲደርስባት ግማሹን ጨርሳለች።

«ማን ፈቀደልሽ? ውረጂ!»

«አልወርድም።»

ድምፅዋን እንዲህ ሰምቶት አያውቅም። ትንሽ ለዘብ አለ። «ነገ ቢወድቅስ?»

«ከወደቀ ራሴ ጠርጌ እጥለዋለሁ። ዓመት ሙሉ ስለስን ሳፈርስ ነው የከረምኩት፤ ማፍረስ አያስፈራኝም። ሳልጨርስ ግን አልወርድም።»

እትዬ ከበሩ ላይ ሆና፣ «ገለል በልላት፤ ብርሃኑን ጋረድክባት» አለችው። ሳያስበው ገለል አለ።

መሐንዲሱ ከሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። የጭምትን ግድግዳ ጥጉን አንኳኩ፣ መሃሉን አንኳኩ፣ ጎንበስ ብለው ከወለሉ አጠገብ አንኳኩ። ድምፁ ድፍን ነው። «ይሄን የሠራው ሰው የቀሩትንም ይሥራ» ብለው ወደ ቀጣዩ ክፍል አለፉ።

ፎርማኑ ወደ ጭምት ዞረ። «በይ እንግዲህ ቀጥዪ» አላት። «መዝገቡ ላይ ግን ለጊዜው ባሬላ ተሸካሚ እንደሆንሽ ትቆያለሽ።»

ጭምት መለሰኛዋን አስቀመጠች፤ ባልዲውን ገልብጣ ተቀመጠችበት።

«ምነው?»

«መዝገቡን አምጣና እያየሁህ ጻፍ።»

«ነገ እጽፈዋለሁ።»

«እንግዲያው ነገ እለስናለሁ።»

ፎርማኑ ዙሪያውን ተመለከተ። ለሳኞቹም ባሬላ ተሸካሚዎቹም ሥራቸውን አቁመው እሱን ነው የሚያዩት። ቢያባርራት ጭምት የምትሄድበት አልነበራትም። ቢሆንም አልተነሳችም።

ሦስት ፎቅ ወርዶ፣ ሦስት ፎቅ ወጥቶ፣ እያለከለከ መዝገቡን ይዞ መጣ። ግድግዳ ላይ አስደግፎ ጻፈ። እሷም አንገቷን አስግጋ ፊደል በፊደል አነበበችው፦ ለሳኝ።

«ደህና» አለች ተነስታ። «አሁን ውሃ የሚያቀብለኝ ሰው ላክልኝ፤ ግድግዳው እየደረቀብኝ ነው።»