ሥጋ የሌለው ድርሻ

ውሻው ታዘብ ይባላል። ስሙን ያወጡለት የፋሲካ አባት ጋሽ ትዕዛዙ ናቸው። በወሰን ከተጣሉት ጎረቤታቸው ጋር በማይነጋገሩበት ዘመን፣ ሰውዬው በአጥሩ ሥር ባለፈ ቁጥር «ታዘብ! አንተ ታዘብ! አየህልኝ?» እያሉ ቡችላውን ይጠሩ ነበር። ጠቡ በሽማግሌ በረደ፣ ጎረቤቱ ሞተ፣ ጋሽ ትዕዛዙም ተከተሉት። ስሙ ከነውሻው ቀረ።

ፋሲካ ከኖርዌይ ወደ ሐይቅ ከተማ የመጣችው ለአባቷ ተዝካር ነው። ለጥቂት ቀን ብላ መጥታ ክረምቱ እዚያው ከረመባት። የተማረችው የውሃ ጥናት ስለሆነ የአባቷ ደጅ ላይ ተቀምጣ ሐይቁን እያየች በኮምፒውተር ትሠራለች፤ ልቧ ግን እንደ ሐይቁ ነፋስ ጠዋት ወዲህ፣ ከሰዓት ወዲያ ነው። የምትሠራለት የኖርዌይ ቢሮ «ትመለሻለሽ ወይስ ሌላ ሰው እንቅጠር?» ብሎ ጠይቋታል። ዛሬ ነገ እያለች መልስ አልሰጠችም።

የያዛት የታዘብ ነገር ነው። ሰኔ ላይ ባጃጅ ገጭቶ የኋላ እግሩን ሰበረው። ሚኒባሶቹ ውሻ አንጭንም ስላሏት መኪና ተኮናትራ ደሴ ድረስ ወሰደችው። እግሩ ታስሮ ዳነ። ይሁንና የሐይቅ ከተማው የእንስሳት ሐኪም ኑርሁሴን ፋሻውን ሲፈታ አጥንቱን በጣቱ ዳበሰና ራሱን ነቀነቀ።

«አብሽሪ፣ ለጊዜው ደህና ነው። ግን የዚህ እግር ነገር ገና አላለቀም። ዕድሜ ሲጫነው ሕመሙ ይመለሳል። ያን ጊዜ መድኃኒቱም መንገዱም ውድ ነውና ከአሁኑ አዘጋጂ።»

«ባላዘጋጅስ?»

«ባታዘጋጂማ ሰዉ የሚለውን ታውቂዋለሽ። ‹ይገላገል› ነው።»

ይህች ቃል ከሆዷ አልወጣ አለች። ታዘብ የአባቷ ጥላ ነበር። እሑድ እሑድ ጋሽ ትዕዛዙ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እሱም ተከትሎ ይሄዳል፤ ግቢ መግባት እንደማይፈቀድለት ስለሚያውቅ ከበሩ ውጭ ተጋድሞ ቅዳሴው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ሲመለሱ ከፊት እሱ፣ ከኋላ እሳቸው፣ በአፍንጫቸው የአምባሰልን ዜማ እያንጎራጎሩ በሸንበቆው ዳር ይመጣሉ። ፋሲካ ይህን ያየችው በእረፍት በመጣችባቸው ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። አሁንም እሑድ ሲሆን ታዘብ እያነከሰ እስከ በሩ ይሄዳል፤ ሕዝቡ ወጥቶ ሲያልቅ ብቻውን ይመለሳል።

ኖርዌይ ሳለች ውሻ ነበራት። ለኢንሹራንስ በየወሩ ትከፍል ነበር፤ ውሻዋ ድንጋይ ውጦ ሆዱ ሲቀደድ ኩባንያው ከፈለላት። ማንም አልሳቀም። ደሴ ያገኘችው የኢንሹራንስ ወጣት ግን ሳቀ። «ላም ብትሆን እንነጋገር ነበር» አላት። «ውሻ ከሆነማ፣ እሱ ራሱ አይደል እንዴ የቤቱ ኢንሹራንስ?»

«ታዲያ ቆጥቢያ!» አላት ኑርሁሴን ይህን ሲሰማ። «ከደሞዝሽ እየቀነሽ አስቀምጪለት። የማንንም ደጅ አትጥኚ።»

ጀመረች። ነገር ግን ቁጠባው ቀዳዳ እንዳለው ቶሎ ታያት። ገንዘቡ ሳይጠራቀም የእግሩ ሕመም ቢመለስስ? ከሁሉም በላይ እሷ ብትሄድስ? ብር ብቻውን ተነሥቶ መኪና አይኮናተርም፤ ውሻ አቅፎ ደሴ አይሄድም።

ያኔ ነው የከብት ቅሬው ትዝ ያላት። የሰው ቅሬ እንደ ዕድር ሰው ይቀብራል። የከብት ቅሬ ደግሞ የአንዱ በሬ ገደል ቢገባ ወይ እግሩ ቢሰበር ተሰብስቦ ያርዳል፣ ሥጋውን በድርሻ ይመድባል፣ ሁሉም ድርሻውን ገዝቶ ባለቤቱ ሌላ በሬ ይተካል። ይህ ከኢንሹራንስ በምን ያንሳል? የባሕር ማዶዎቹ ወረቀት ጨመሩበት እንጂ ነገሩ ያው ነው። እንዲህ ብላ የቅሬውን ዳኛ አቶ ረዳን ለመነች፤ እሳቸውም አባላቱን በቅሬው ዕቃ ቤት ደጅ ሰበሰቡላት።

ታዘብን ቅሬው እንዲያስገባላት ለምና ስትጨርስ አቶ ረዳ ጢማቸውን አሻሹ።

«ስሚ እስቲ የኔ ልጅ። በሬ ሲሰበር ሥጋውን እንመድባለን። ውሻ ሲሰበር ምኑን እንመድብ?»

«ጅራቱን ለዳኛው!» አለ እንዳለ የሚባለው ቀልደኛ ጎረቤት፤ ደጁ በሳቅ ተናጋ። «ኧረ ደግሞስ፣ ውሻ ምን አገባት ከእርሻ?»

ፋሲካም ሳቀች፤ ፊቷ ግን ቀላ። «እንዲድን ነው እንጂ እንዲታረድ አይደለም። ሁላችን ትንሽ ትንሽ ብናዋጣ…»

«ሳንበላ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አዎ፣ ሳትበሉ።»

ጉርምርምታው በረከተ። ይሄኔ ከሴቶቹ በኩል እትዬ ዙለይሃ ተነሡ። በሌላው በኩል አጥር የሚጋሯት ጎረቤቷ ናቸው፤ በልጅነቷ ከእናቷ እኩል የገረፏት።

«ሥጋ ሥጋ አላችሁሳ! ወላሂ አሁንስ አበዛችሁት። እኔ ስንት ዘመን ለክርስቲያን በሬ ስከፍል ኖርኩ፣ አንድ ጉርሻ ቀምሻለሁ? ትዕዛዙስ የባሌን በሬ ሲከፍል ቀምሷል? እናንተ ባርካችሁ ያረዳችሁትን እኛ አንበላ፣ እኛ ያረድነውን እናንተ አትበሉ። የማንበላውን ስንከፍል ያረጀን ሰዎች፣ ዛሬ የውሻ ሥጋ አይበላም ብለን ነው የምንጨነቅ?»

ፋሲካ በድንገት የድሮው ግቢ መጣባት። አባቷ ከዙለይሃ ባል በሬ መመደቢያ ሲመለሱ፣ እሷ ሥጋ መጣ ብላ ሮጣ ስትወጣ፣ እጃቸው ባዶ። እናቷ «ከፍለህ ባዶህን?» ሲሏቸው፣ «ነገ የሚተካው በሬ ለእኔም ያርሳል፤ ምኑ ነው ባዶ?» ብለው ጫማቸውን ሲያወልቁ። ያን ጊዜ አልገባትም ነበር፤ የተበሳጨችው በሥጋው መቅረት ነው።

አቶ ረዳ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተንሾካሹከው ተመለሱ።

«ውሻ ቅሬ አይገባም» አሉ። «ሰው ነው የሚገባ። የአባትሽ ቦታ ባዶ ነው። አንቺ ከገባሽበት፣ ያንቺ የሆነ ሁሉ፣ በሬም ይሁን ውሻ፣ አብሮሽ ገባ። ዙለይሃ እንዳለችው ነው፤ ሳንበላም ከፍለን እናውቃለን። ግን ስትጠሪ ትመጫለሽ። ያልመጣ ይቀጣል፤ ደጋግሞ የቀረ ይሰረዛል።»

«ብሄድስ ጋሽ ረዳ? ገንዘቡን ከዚያ ብልክላችሁስ?»

«ገንዘብማ ባንክም አለው።»

እንዳለ እንኳ አልሳቀም። ፋሲካ «ላስብበት» ብላ ቤቷ ገባች።

አሰበችበትም። ሌሊት ትወስናለች፣ ሲነጋ ታፈርሳለች። ቁጠባ ይሻላል፣ ነፃ ነኝ ትላለች። ደግሞ ታዘብን ታያለች፤ ፀሐይ ላይ ተጋድሞ የታመመውን እግሩን ይልሳል። ቁጠባው የሷን መኖር አይጠይቅም፣ ለዚህ ነው ደስ የሚላት። እሱ ግን ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ሰው እንጂ ብር አይደለም። ቅሬው ደግሞ መኖሯን ይጠይቃል፤ እሷ ግን መኖሪያዋ የት እንደሆነ ከረሳች ቆየች። ከውጭ አገር ሐይቅን ትናፍቃለች፣ ሐይቅ ዳር ተቀምጣ ሌላውን ትናፍቃለች። የምትናፍቀው ሐይቅ እንኳ አሁን የምታየው አይደለም፤ አባቷ በዜማ የሚመጡበት ነው።

ቢሮው የመጨረሻ ነው ያለው ቀን ደረሰ። በዚያው ጠዋት መልሱን ልትጽፍ ስትቀመጥ ከታች ከማሳው በኩል «የቅሬ ያለህ!» የሚል ጥሪ ተሰማ። የእትዬ ዙለይሃ በሬ በዝናብ የተቦረቦረ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የፊት እግሩ ተሰብሯል።

አባል ስላልሆነች መሄድ ግዴታዋ አልነበረም። ኮምፒውተሩን ትታ ወጣች። ኑርሁሴን ቀድሟት ደርሶ «አይድንም» ብሏል። በሬው በእስላም ወግ ታረደ። ቅጠል ላይ ሥጋው ሲመደብ እትዬ ዙለይሃ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በሻርፓቸው ይሸፍናሉ።

አቶ ረዳ እያንዳንዱን ቤት በስሙ ሲጠሩ ሁሉም «አለሁ» እያለ ያነሣል፣ ክርስቲያኑ ከፍሎ ድርሻውን ለእስላም ጎረቤቱ ይተዋል። ከዚያ አቶ ረዳ ቀና ብለው ፋሲካን አዩ።

«የትዕዛዙ ቤት!»

ይህ ስም በዚህ አደባባይ ከተጠራ ቆይቷል። አንዳንዱ ሰው ዘወር ብሎ አያት፣ አንዳንዱ ሆን ብሎ አላያትም።

«አለሁ» አለች።

ለታዘብ ስትቆጥብ ከነበረው አውጥታ ከፈለች። ድርሻዋን በቅጠሉ ይዛ ለእትዬ ዙለይሃ ወሰደችላቸው።

«ከፈልሽበት?» አሏት ዙለይሃ በእንባቸው መካከል። «አትበይው አይደል?»

«አልበላውም።»

«እሰይ። አባትሽ ሆንሽ።»

ታዘብ እያነከሰ ተከትሏት መጥቶ ኖሮ፣ ከጉድጓዱ አፍ የተጣለለትን አጥንት ይቆረጥማል። እንዳለ አይቶት ዝም ማለት አልቻለም። «እዩት እዩት! ከቅሬያችን የሁለቱንም ወገን የሚበላ እሱ ብቻ ነው!»

ዙለይሃም ሳይወዱ ሳቁ። አቶ ረዳ ቢላዋውን በሣር እየጠረጉ ወደ ፋሲካ ዞሩ።

«እንግዲህ እሑድ የቅሬውን ድስትና ብርጭቆ ማጠብ ያንቺ ተራ ነው።»

ፋሲካ ቤት ከፍታ የተወችውን ኮምፒውተር አሰበች። አሁንም እርግጠኛ አልነበረችም፤ ምናልባት መቼም አትሆንም።

«ከቅዳሴ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አለች።