የሂናው ቀን አራት ካርዶች

አያትየው አልጠፉም። አሉ! ጭኔ ላይ ባለው ላፕቶፕ ውስጥ ከዊልቸራቸው ተነስተው እየጨፈሩ አሉ። ሦስቴ ነው ከፍቼ ያየኋቸው። መጀመሪያ አላመንኩም፣ ሁለተኛው ላይ አለቀስኩ፣ ሦስተኛው ላይ ግን ፍርሃቱ መጣ። ይኸው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍላችሁ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ስፈራ ወሬዬ ይዘበራረቅብኛል።

ብሩክታዊት እባላለሁ። አስራ ሰባት ሊሞላኝ ሁለት ወር ነው የቀረኝ። አረብ ሀገር፣ አዛይባ የሚባል ሰፈር፣ ከእማዬና ከወንድሜ ከአማኑኤል ጋር ነው የምኖረው። ሰርካለም የምትባል የእማዬ ጓደኛ አለች፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መዲናት ሱልጣን ቃቡስ የሚባለው ሰፈር የሰው ቤት ስትሰራ ኖራ አምና ካሜራ የያዘች። እዚህ የሴቶች ድግስ ላይ ወንድ ካሜራማን ድርሽ አይልም። ሴቶቹ መሸፈኛቸውን አውልቀው፣ ፀጉራቸውን ለቀው ነዋ የሚጨፍሩት። ስለዚህ ካሜራ የምትይዝ ሴት በጣም ትፈለጋለች። ግን የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት፣ አሰሪዋ፣ ቁርጧን ነግራታለች፣ "ይሄን የሂና ድግስ አሳምረሽ ካስረከብሽ ቋሚ ነሽ፣ ካልሆነ ኮንትራትሽ ሲያልቅ ወደ ሀገርሽ" ብላ።

እኔ የሷ ካርድ ገልባጭ ነኝ። ካርዱ ሲሞላ ከካሜራው አውጥታ ትሰጠኛለች፣ እኔ በኮምፒውተር ወደ ሃርድ ዲስኩ እገለብጣለሁ። እውነት ለመናገር ካርዱን ስቀበላት ዶክተር የሆንኩ ነው የሚመስለኝ።

ረቡዕ ከሰዓት ሲብ የሚባለው ሰፈር ነበርን፣ የማማ ሰውዳ ልጅ ሂና የምትቀባበት ቀን። በር ላይ የሁሉም ሰው ስልክ ቅርጫት ውስጥ ገባ፣ የኔም። ማማ ሰውዳ የሙሽራዋ እናት ናቸው፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ። ሁለት ነገር አሉን። አንደኛ፣ ካርዶቹ ከቤቱ ከመውጣታቸው በፊት እሳቸው ፊት ይጠፋሉ፣ ቪዲዮው የሚኖረው አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ "ማፊ ረጃል"፣ ወንድ የሚባል በእጁም በዓይኑም እንዳይደርስበት። ሰርካለም እጇን አነሳችና "ማርያምን፣ የወንድ እጅ አይነካውም" አለች። ማማ ሰውዳም በቁርአናቸው መርየምን ያውቋታላ። ራሳቸውን ነቀነቁና አስገቡን።

ከዛ ከበሮው ሲመታ የሙሽራዋ አያት ተነሱ። ሩቅ ካለችው ከሱር ከተማ ድረስ በዊልቸር ነው የመጡት፣ ሁለት ዓመት ቆመው አያውቁም። ሻሻቸው ትከሻቸው ላይ ወረደ፣ ማንንም ሳይደገፉ እጃቸውን ዘርግተው ትንሽ ትንሽ ረገጡ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ማማ ሰውዳ ግድግዳ ይዘው አለቀሱ። ሁለተኛው ካርድ ላይ ነበር ያ።

እኔ ደግሞ ጓዳ ነኝ። የሰርካለም ላፕቶፕ ባትሪው አልቆ ጠፋ፣ ቻርጀሩን ቤት ረስተነዋል። ቦርሳዬ ውስጥ ግን የአማኑኤል ላፕቶፕ ነበረ፣ ለቤት ስራ ብዬ ተውሼው። ላፕቶፕ ላፕቶፕ ነው ብዬ አወጣሁት። ለማንም አልነገርኩም፣ ሰርካለም እየቀረጸች ስለነበር አላየችኝም። የመጀመሪያውን ካርድ ስሰካ አንድ ትንሽ መስኮት ብቅ አለ፣ እሺ ብዬ ዘጋሁት። ሁለተኛው ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ "ይሄ ስም ያለው አለ፣ በላዩ ልተካበት?" አለኝ። ማማ ሰውዳ አናቴ ላይ ቆመው "ያላ ያላ"፣ ቶሎ በይ ይሉኛል፣ የመግሪብ ሶላት ሊደርስ ነው። ተካ አልኩት። ሦስተኛውም ላይ፣ አራተኛውም ላይ። ከዛ እሳቸው እያዩ ካርዶቹን አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። በያንዳንዱ "ኻላስ"፣ አለቀ ይሉልኛል፣ እኔም እየኮራሁ።

ያላወቅኩት ምን መሰላችሁ፣ ካሜራው ባዶ ካርድ በገባለት ቁጥር እንደ አዲስ ከአንድ ነው የሚቆጥረው። የአራቱም ካርድ ቪዲዮዎች ስማቸው አንድ ነው። አንዱ ፎልደር ውስጥ ስከታቸው እያንዳንዱ የቀደመውን በላው።

ዛሬ ጠዋት ሰርካለም ደወለች።

"ብሩክዬ፣ ስንት ካርድ ነበር የገለበጥሽው?"

"አራት።"

"እዚህ ያለው የመጨረሻው ብቻ ነው።"

"ሌላ ፎልደር ውስጥ እይው እስቲ።"

"አያትየው የሉም ብሩክዬ።"

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ "ማማ ሰውዳ አስር ሰዓት ላይ ሊመጡ ነው። የእናቴን ጭፈራ ብቻ አሳዪኝ ብለዋል" አለችኝ።

ያኔ ነው ያቺ ትንሽ መስኮት ትዝ ያለችኝ። አማኑኤል የሀበሻ ክርስትና ይቀርጻል። አንዴ የአንድ ቤተሰብ ክርስትና ሙሉውን ጠፍቶበት ሰዎቹ ሊደበድቡት ምንም አልቀራቸው። ከዛ በኋላ ላፕቶፑ ላይ አንድ ፕሮግራም ጫነ፣ ማንኛውም ካርድ ሲሰካበት ራሱ ወደ ላፕቶፑ ይገለብጠዋል፣ እያንዳንዱን በየፎልደሩ። ዘልዬ ተነሳሁ። አራቱም አሉ! ግን ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ሌላው ነገር ታየኝ። ያ ሁሉ የተገላለጠ ሴት ያለው ወንድ ልጅ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ላፕቶፑ ደግሞ ቤት የለም፣ አማኑኤል ሲብ ፈሪድ ፀጉር ቤት ይዞት ሄዷል።

ደወልኩ፣ አያነሳም። አውቶቡሱ ውስጥ አስራ አንድ ጊዜ ደወልኩለት።

ፈሪድ የሐረር ልጅ ነው፣ ሱቁ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ቲቪ አለ። ስገባ አራት ወንድ ተቀምጧል፣ ቲቪው ላይ ደግሞ የአማኑኤል ላፕቶፕ ተዘርግቷል። የረቡዕ ቀን የተጻፈባቸው አራት ፎልደሮች፣ ቀስቷ ደግሞ ሁለተኛው ላይ።

"መጣች ዳይሬክተራችን" አለ ፈሪድ፣ አረፋ የተቀባ ሰውዬ ጉንጭ ላይ ምላጭ ይዞ።

አማኑኤል ዞር እንኳን አላለም። "አንቺ፣ ይሄ ምንድን ነው የጫንሽብኝ? ስልሳ ጊጋ በላብኝ፣ ክርስትናውን ማውጣት አልቻልኩም። ልክፈተው ወይስ ዲሌት ላድርገው?"

"አትክፈተው።"

"እሺ፣ ዲሌት።"

"ዲሌትም አታድርገው።"

"ታዲያ ምን ላድርገው፣ ክርስትና ላንሳው?"

ሱቁ ሳቀ። እኔ ሄጄ የቲቪውን ገመድ ነቀልኩት። "የሴቶች ነው" አልኩ። ሳቁ ቀጥ አለ። የፈሪድ ምላጭ አየር ላይ ቆመ፣ አረፋ የተቀባው ሰውዬ ዓይኑን ጨፈነ።

አማኑኤልን እጁን ይዤ ወደ ውጪ ጎተትኩት። "ከፍተኸዋል?"

"አልከፈትኩም።"

"ማርያምን በል።"

አልማለም። ወንድሜ ብዙ ይቀልዳል፣ በማርያም ግን አይቀልድም።

"ቤት ሳለሁ ጠዋት አንዷን ነካ አድርጌ ነበር። ምን እንደሆነ ለማወቅ ነው እንጂ። አሮጊት ነበሩ፣ ቆመዋል። ወዲያው ዘጋሁት።"

"ፀጉራቸውስ?"

መሬት መሬቱን አየ። "ነጭ ነው" አለኝ።

ላፕቶፑን ቀምቼው መጣሁ።

አሁን ሰርካለም የምትኖርበት ፎቅ ደረጃ ላይ ነኝ፣ አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ መሃል። አራቱንም ካርድ ወደ ትንሿ ፍላሼ ገልብጫለሁ፣ በየፎልደሩ፣ ሁለቴ ቆጥሬ። አሁን የማውቅ ሆኛለሁ፣ ምን ያደርጋል። ከአማኑኤል ላፕቶፕም አጠፋዋለሁ። ግን የወንድሜን ዓይን በምን አጠፋዋለሁ?

"ሰርኬ፣ ሌላ ፎልደር ውስጥ ተደብቆ አገኘሁት" ብላት ታምነኛለች። አቅፋ ትስመኛለች ሁሉ። ማማ ሰውዳም አይተው ያለቅሳሉ፣ ሰርካለም ቋሚ ትሆናለች። ማንም አያውቅም። ግን ማማ ሰውዳ ሳያስምሉ እንደማይሄዱ አውቃለሁ። ሰርካለም ደግሞ ምንም ሳታውቅ እጇን አንስታ ማርያምን ልትል ነው፣ በኔ ውሸት። እማዬ ሁሌ ትላለች፣ ሰውን በውሸት ያስማለ መሐላው ወደ ራሱ ነው የሚዞረው።

እውነቱን ከነገርኳት ደግሞ አትምልም። አውቃታለሁ። አንዴ የሰው ቤት ስትሰራ የእመቤቷን የወርቅ ጉትቻ ምንጣፍ ስር አግኝታ ስትመልስ፣ ሌላኛው ጠፍቷል ብለው አንቺ ነሽ የወሰድሽው አሏት፣ እንደዛም ሆኖ ሌላ ጊዜ ወርቅ ስታገኝ መለሰች። ሄዳ "ወንድ ልጅ አይቶታል" ትላቸዋለች። ከዛ ዘጠኝ ዓመት ጓዳ፣ አንድ ዓመት ካሜራ፣ ከዛ አውሮፕላን።

እና ደግሞ አያትየው። ማንም ሳይጠይቃቸው ታይተዋል እኮ። እሳቸው ራሳቸው የማወቅ መብት የላቸውም ወይ? ወይስ ካላወቁ አይጎዳቸውም? ይሄን ሳስብ ጭፈራቸው ይመጣብኛል፣ እጃቸው እንዴት እንደተዘረጋ።

ዘጠኝ ከሃምሳ ሆኗል። ከላይ የሰርካለም በር ተከፈተ፣ "ብሩክዬ፣ አንቺ ነሽ?" አለች። ከታች የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ፣ አሁን ደግሞ ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ አለ፣ ቀስ ያለ፣ የትልቅ ሰው፣ ማማ ሰውዳ መሆን አለባቸው። ፍላሿ መዳፌ ውስጥ በላብ ርሳለች።

እናንተ ብትሆኑ ሰርካለም ከመማሏ በፊት ትነግሯት ነበር?