ቀስ ብሎ የሚሮጥ ወታደር

ባጫ ድንኳኑ መሃል ቆሞ ደረቱን እየደቃ ያለቅሳል።

«አማኑዬ! ቦስ! አሁን ያንን ድልድይ ማን ያሻግረኝ!»

ሴቶቹ ድልድዩ የት እንዳለ ባያውቁም ተቀበሉት። አንዷማ ሟች ከጎርፍ ሰው ያወጣ መስሏት «ጀግናዬ!» ብላ ጮኸች።

ኢዮስያስ ግን ድልድዩን ያውቀዋል። የቪዲዮ ጌም ድልድይ ነው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያለ፣ ከሥሩ አዞ የሚርመሰመስበት። ሁለት ሚኒባስ ያለው፣ ሦስት ልጅ የወለደ፣ ሆዱ ከቀበቶው ያለፈ ሰው የሚነፋረቀው ለዚያ ነው። ኢዮስያስ ፊቱን ወደ ሸራው አዞረ። ትናንት የቀበሩት ታላቅ ወንድሙ አማኑ በአርባ አራት ዓመቱ አሥራ ስምንት ማዞሪያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ወድቆ ቀረ፤ ልቡ ነው ተባለ። ለዚህ ሞት እንኳን አንድ ቁም ነገረኛ አልቃሽ አልተገኘለትም።

ከትናንት ጀምሮ የሚመጣው ሁሉ የባጫ ቢጤ ነው። ጢማቸው የሸበተ «ልጆች» እየመጡ፣ እግዚአብሔር ያፅናህ ብለው እጁን ይጨብጡና ጥግ ይዘው ይንሾካሾካሉ። ኢዮስያስ ጆሮውን ጣል ሲያደርግ የሚሰማው ስለ ሟች ነፍስ አይደለም። ማን ማንን በስንት ጥይት እንደጣለ ነው። ከፔርሙዝ የተቀዳ ቡናቸውን ፉት እያሉ፣ በ1995 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት ላይ የሆነ የጌም ውጊያ እንደ ታላቅ ጦርነት ይተርካሉ። ሌሎቹ ካርታ ይጫወታሉ። ካርተኞቹ ይሻላሉ፤ እነሱ ቢያንስ ያዘኑ አይመስሉም።

ይባስ ብሎ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መጡ። አምስት ናቸው፤ ጥቁር ነጠላቸውን አስተካክለው በረድፍ ገቡ። ኢዮስያስ ባንድ ትልቅ ድርጅት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነው፤ ስለ ወንድሙ ሲጠየቅ ለዓመታት «ኤሌክትሮኒክስ ያስመጣል» ሲል ኖሯል። ሜሪ የምትባለው የሥራ ባልደረባው ከጎኑ ተቀምጣ ጥቂት ካለቀሰች በኋላ፣ ከድንኳኑ ጎን ባለው የሟች ቤት በር ላይ ያለውን ማስታወቂያ ቀና ብላ አየች። ቆርቆሮ ላይ በቀይ ቀለም «አማኑ ጌም ቤት» ይላል። ከጎኑ ጠመንጃ የያዘ ወታደር ተስሏል፤ አንዱ ክንዱ ከሌላው ይረዝማል።

«ወንድምህ አስመጪ አልነበረም እንዴ?» አለች ቀስ ብላ።

«እሱ... የጎን ሥራው ነው።»

ሜሪ ራሷን ነቀነቀች። አላመነችውም። ኢዮስያስ በዚያች ቅጽበት ባጫን ረሳና ሬሳ ላይ ተናደደ።

አባታቸው ሾፌሩ ወልደጊዮርጊስ ሲሞት አማኑ አሥራ ሰባት፣ ኢዮስያስ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እናታቸው ከዚያ በፊት አርፋለች። አማኑ አሥራ አንደኛ ክፍልን አቋረጠ። ሳሎኑን ለሁለት በመጋረጃ ከፈለና በመንገድ በኩል ባለው ግማሽ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ የጌም ማሽን ተከለ። ሠፈሩ ተሰለፈ። ከመጋረጃው ወዲህ ኢዮስያስ በተኩስና በፍንዳታ ድምፅ መሃል ፊዚክስ ያጠና ነበር። ሲቆጣ አማኑ ብቅ ይልና፣ «ምዕራፉን ጨርስና አንድ ዙር አጫውትሃለሁ» ይለዋል። አንድም ቀን አልተጫወተም። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከዚያ ድምፅ ተገላገልኩ አለ። ከዚያ ድምፅ የተገኘው ገንዘብ ነው ያስተማረው፤ ይህንን ያውቃል። ማወቁ ንቀቱን አልቀነሰለትም። እንዲያውም ጨመረለት፤ ሰው ያሳደገውን ነገር ሲያፍርበት እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለና ድንኳኑ አንጠባጠበ። ባጫ ራሱ ወንበር ላይ ቆሞ ውሃ ያዘለውን ሸራ በመጥረጊያ እንጨት ሲገፋው ያ ሁሉ ውሃ አናቱ ላይ ወረደ። ሰው ሳቁን ዋጠ። ኢዮስያስ ሳቁን አልዋጠም፤ ሳቅም አልመጣለትም። ስለዚያች የአየር ጤና ቅዳሜ ያስብ ነበር።

ከፋሲካ በፊት ነው፣ ዓመት አልፎታል። አማኑ አንዲት ፍላሽ ይዞ አየር ጤና ወዳለው የኢዮስያስ ኮንዶሚኒየም መጣ።

«ያቺ የድሮዋ የወታደር ጌም ናት» አለ፣ እንደ ሕፃን እየተቁነጠነጠ። «አሮጌው ማሽን ተቃጠለ። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ልጫናት ብል እንቢ አለችኝ። ያንተው ላይ እንሞክራት?»

ኢዮስያስ በአሥር ደቂቃ አስነሳት። በትልቁ ስክሪን ላይ ያ የሠፈሩ ሁሉ ጀግና የነበረ ወታደር አራት ማዕዘን የቀለም ጠብታ ሆኖ ወጣ። አፍንጫ እንኳን የለውም። ከዚያ ጌሟ አበደች። ለድሮ ቀርፋፋ ማሽን የተሠራች ናትና በአዲሱ ላይ ሁሉም ነገር ይበር ጀመር። ጠላት ከጫካ ወጣ ከማለቱ ወታደሩ ሞቷል። ተነሳ፣ ሞተ። ተነሳ፣ ሞተ። ኢዮስያስ እስኪያነባ ሳቀ።

«ዕድሜህን የሰጠኸው ለዚህ ነው?»

አማኑም አብሮ ሳቀ፣ ግን ቶሎ አቆመ። «ፍጥነቷን ቀስ አታደርግልኝም? ከድሮውም ቀስ ብትል ነው የምፈልገው። ለሰው ነው።»

«አርባ ሦስት ዓመትህ ነው፣ አማኑ! እኩዮችህ ልጅ ይድራሉ። አንተ የሞተ ጌም ታስታምማለህ። እኔ ለዚህ የሚሆን ጊዜ የለኝም።»

አማኑ ፍላሹን ነቀለና ኪሱ ከተተ። የቀረበለትን ሻይ እስከ መጨረሻው ጠጣ። «ሻይህ ጥሩ ነው» አለና ሄደ። ከዚያ ወዲህ የተገናኙት ለበዓል ብቻ ነው።

በሠልስቱ ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ተበተነ። የእድሩ ሰዎች ወንበር መደርደር ጀመሩ። ኢዮስያስ የጌም ቤቱን ቁልፍ አወጣ። ቆራሌው ነገ ጠዋት መጥቶ ሁሉንም እንዲጭን ነግሮታል፤ ቴሌቪዥኖቹን፣ ሽቦዎቹን፣ ያንን ቆርቆሮ ጭምር። ክፍሉ የላብና የአቧራ ሽታ አለው። አንዱን የጌም መያዣ፣ እነሱ ጆይስቲክ የሚሉትን፣ በሁለት ጣቱ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥሎ ካርቶን ውስጥ ጣለው።

«እሱን አትጣለው። የኔ ነው።»

በሩ ላይ የቆሙት እትዬ ዘነበወርቅ ናቸው። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከጀርባ ያለው ግቢ ውስጥ አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ የኢዮስያስን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሳይቀር የሰፉ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀዋል።

«የእርስዎ?»

«የኔ ነው እንጂ። ነገ ቆራሌው ይመጣል ሲሉ ሰማሁ። ከመምጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ልጫወት።»

ኢዮስያስ ሐዘኑ አናታቸው ላይ የወጣ መሰለው። ለቤቱ የቀረው ይህ ብቻ ነበር፣ የሰባ ዓመት ጎረምሳ! «እትዬ ዘነበወርቅ፣ ይረፉ፤ ልሸኝዎት» አላቸው።

አልተንቀሳቀሱም። ቀኝ እጃቸውን ከነጠላው አውጥተው ዘረጉለት። ሦስቱ ጣቶች ቀስ ብለው ተጨበጡ፣ ቀስ ብለው ተፈቱ። አራተኛው ተንቀጠቀጠ።

«ከዛሬ ሦስት ዓመት ይህ እጅ ሞቶ ነበር። ደም ግፊቱ ጥሎኝ ነው፤ አንተ ስለማትመጣ አልሰማህም። ሐኪሙ የጎማ ኳስ ጭመቂ አለኝ። እስቲ አስበው፣ ቀኑን ሙሉ ኳስ! አማኑ ሲያየኝ፣ ‹እትዬ፣ ይልቅ ይምጡና ሰው እንግደል› አለኝ።» ፈገግ አሉ። «ጨዋታውን ጥሩ ይዤ ሳለሁ የድሮው ማሽን ተቃጠለ። አዲሱ ደግሞ ያበደ ነው፣ ጣቴን ሳላነሳ እሞታለሁ። አማኑ፣ ‹ወንድሜ አዋቂ ነው፣ ቀስ ያደርግልናል› ብሎ አንተ ዘንድ ሄደ።»

ኢዮስያስ ወደ እሳቸው ዞረ። «ምን... ምን አለዎት ሲመለስ?»

«‹በጣም ሊሠራልን ፈልጎ ነበር፣ ሥራ በዝቶበት ነው› አለኝ። ታዲያ እውነቱን ነው፣ ትልቅ ቦታ ነው ያለኸው። ራሱ ሞከረው። እንግሊዝኛው ሲያስቸግረው ባጫን እየጠራ፣ ሁለት ደንቆሮዎች ይጨቃጨቃሉ። አራት ወር ፈጀበት።» ከዚያ ያ እጅ ካርቶኑ ውስጥ ገብቶ ጆይስቲኩን አወጣ። «ባለፈው ሳምንት መርፌ ውስጥ ክር አስገባሁ። በዚህ እጄ። እሱ ነው ያየልኝ።»

ኢዮስያስ ሦስት ቀን ሙሉ ለአልቃሹ ሁሉ የሚለው ነበረው፣ በልቡም ቢሆን። አሁን ግን ማብሪያውን ተጭኖ ማሽኑን አበራ። እትዬ ዘነበወርቅ ከስክሪኑ ፊት ተቀመጡና በጎን ያለውን ወንበር በእግራቸው ገፉለት።

«ብቻዬን አይሆንም፤ የሁለት ሰው ነው።»

ኢዮስያስ ተቀመጠና ሌላውን ጆይስቲክ አነሳ። ጌሟ ተነሳች። ሁለቱ አፍንጫ የሌላቸው ወታደሮች ውሃ ውስጥ እንዳሉ ሁሉ ቀስ ብለው መሮጥ ጀመሩ። ጥይቱ ተተኩሶ እስኪደርስ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሳል። ቀርፋፋ፣ አስቀያሚ ነገር ነው፤ ይህ የኢዮስያስ እምነት አሁንም አልተለወጠም። ቁልፉን ጫን አድርጎ ወታደሩን ወደ ስክሪኑ ጠርዝ አስኬደው። ጠርዙ ላይ ወታደሩ ቆመ። ከጀርባው ያለው ሥዕል አልተንቀሳቀሰም። ደጋግሞ ተጫነ፤ ወታደሩ ባለበት ዘለለ፣ ዘለለ።

«ምን ሆኖ ነው? ቆመ እኮ።»

«እኔ ስላልደረስኩ ነዋ። ሁለታችንም ካልደረስን አይሄድም» አሉ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። ያ የሚንቀጠቀጥ ጣት ቁልፉን ሊነካ ትንሽ ቀርቶት ነበር። «አታቻኩለኝ፣ ልጄ። እሱ አያቻኩለኝም ነበር።»

ውጭ የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ብረት እየነቀሉ ነው። ጠላት አንድ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። የእትዬ ዘነበወርቅ ወታደር ገና ከኋላ፣ ግማሽ እርምጃ፣ ግማሽ እርምጃ እያለ ይመጣል። ስክሪኑ ለኢዮስያስ ደብዝዞበት ጠላቱን ለይቶ ማየት አቃተው። ፊቱን አልጠረገም። አውራ ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳና ጠበቃቸው።