ሥራ ያልሠራ ዘይት

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር የመካኒኩ ሚስት ክዳኑ የተጠበቀ አንድ የማር ብርጭቆ በቦርሳዋ ይዛ በሆስፒታሉ በር የገባችው። ጥበቃው ቦርሳዋን ሲፈትሽ ብርጭቆውን አወጣና ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ቀይ ነው፤ ጥርት ብሎ ያበራል።

«ጭማቂ ወደ ውስጥ አይገባም።»

«ጭማቂ አይደለም። የካምቢዮ ዘይት ነው።»

ጥበቃው ዓይኑን ከብርጭቆው ወደ እሷ መለሰ። «ለማን?»

«ለባለቤቴ።»

«እና ሊጠጣው ነው?»

«ሊያየው ነው።»

«በዚህ በር ያላለፈ ጉድ የለም ብዬ ነበር፣ እትዬ» አለና ብርጭቆውን መለሰላት። «ይማርልሽ፣ ግቢ።»

ደረጃውን ስትወጣ ቦርሳዋን እንደ እንቁላል መያዣ ደረቷ ላይ አስጠግታ ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ ስለ ዘይት የምታውቀው ከባሏ ሱሪ ላይ የማይለቅ መሆኑን ነው። በዚያች ብርጭቆ ውስጥ ያለው ግን ባሏ የሚጠብቀው ዘይት እንዳልሆነ ታውቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተሰቡ የሚተዳደረው በአንድ ገልባጭ መኪና ነው። መኪናው ከድንጋይ ካባው እስከ ግንባታ ቦታዎች ይመላለሳል፤ ዳገቱ ላይ ሲደርስ ግን አውቶማቲክ ካምቢዮው ጭነቱን አልችል ብሎ ይንሸራተት ነበር፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሄድም። መካኒኩ በመጨረሻ ታክቶት ካምቢዮውን አወረደና በገዛ እጁ እንደ አዲስ ሠራው። ዲስኮቹን አጠነከረ፣ ቁጥራቸውንም ጨመረ፣ ከሥር ያለውን የዘይት መያዣ ይበልጥ ጥልቅ በሆነ ለወጠ፣ ከራዲያተሩ ፊት ለዘይቱ ብቻ የሚሆን ማቀዝቀዣ ገጠመ። የመጨረሻውን ቡሎን ባጠበቀ ሰሞን ከጎኑ በታች ሲወጋው የከረመው ሕመም ጣለው። መኪናውን አንድ ጊዜ እንኳን ሳይነዳው አልጋ ያዘ።

መኪናውን የሚነዳው ታናሽ ወንድሙ ነው። ጋራዡ ውስጥ «አሥር ቁጥር» ይሉታል፤ አሥር ቁጥር ቁልፍ ሲፈለግ እንደማይገኘው ሁሉ እሱም ሲፈለግ አይገኝም። መካኒኩ የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሆኖ ይህን ወንድሙን ቁጭ አድርጎ ነገረው።

«ስማ። አዲስ የተሠራ ካምቢዮ እንደ አዲስ ሸክላ መሟሸት አለበት። ባዶውን ንዳው። ሜዳ ላይ፣ ቀስ እያልክ፣ ማርሹ ሁሉ እንዲገባና እንዲወጣ። ድንጋይ የለም፣ አሸዋ የለም፣ ዳገት የለም።»

«እስከ መቼ፣ ጋሼ?»

«በቃ እስክልህ። ዘይቱ ደግሞ ተራው ነው። ያ ውዱ አይደለም።»

«ውዱን ገዝቼልህ እኮ ነው። ለአዲስ ነገር ጥሩ ዘይት አይሻልም?»

«በጣም ያንሸራትታል። ዲስኮቹ መጀመሪያ ትንሽ ተፋጭተው ቦታ ቦታቸውን መያዝ አለባቸው። ተራው ዘይት ይበቃቸዋል፤ ሲበሉ የሚረግፈውን ብናኝ ይዞ ይወጣል። ከዚያ ገና ትኩሱን ታፈሰዋለህ፣ ፊልትሮውን ትቀይራለህ፣ ከሥር ያለውን ማግኔት ትጠርጋለህ፣ ያን ጊዜ ውዱን ትሞላለህ። ከመሙላትህ በፊት ግን የወጣውን ዘይት ላየው እፈልጋለሁ። በእሷ ላክልኝ።»

አሥር ቁጥር ሁሉንም እሺ አለ። እሺ ማለት አይከብደውም።

በዚያው ሰሞን ሐኪሙ ሚስቱንና እናቱን ኮሪደር ላይ አቁሞ አነጋገራቸው። በሽታው ጉበቱ ላይ ደርሷል፤ ቀዶ ጥገናም አይጠቅምም፤ የቀረው ጊዜ ሳምንታት ነው፣ ቢበዛ ወራት። አሮጊቷ እናት ሰምተው ሲጨርሱ መቀነታቸውን አጠበቁና ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«ልጄ ይህን ከሰማ በበሽታው ሳይሆን በድንጋጤ ነው የሚሞተው። የጨጓራ ቁስል ነው፣ በመድኃኒት ይድናል ትይዋለሽ። ይህን ቃል የሚያወጣ ሰው ከእኔ ጋር በዚህ ዓለም አይተያይም።»

«እሺ፣ እማማ» አለች። ፊቷን ታጥባ ገባችና የጨጓራ ቁስል ነው አለችው። እሱም «ብዬ ነበር፤ የጋራዡ ምሳ ነው» አላት።

ማክሰኞ ከሰዓት አሥር ቁጥር ዘይቱን አፈሰሰ። የመካኒኩ ሚስት ዘይቱን የምትወስድበትን ብርጭቆ ይዛ ግቢው ውስጥ ቆማ ነበር። ከመኪናው ሥር ወደ ሳፋው የወረደው ቀይ አልነበረም። የቆየ ሻይ ይመስላል። ሽታው ግቢውን ሞላው፤ ካውያ ተረስቶበት የተቃጠለ የሱፍ ልብስ ሽታ ነው፣ እሱን ደግሞ እሷ በደንብ ታውቀዋለች።

«ምን አድርገህ ነው?»

አሥር ቁጥር ከመኪናው ሥር አልወጣም። እግሩ ብቻ ይታያል።

«አንተ! ውጣና ንገረኝ።»

«ድንጋይ ጫንኩ» አለ እግሩ። «ኮንትራክተሩ ሌላ መኪና እፈልጋለሁ ብሎ አስጨነቀኝ። ሥራውን ካጣን ጋሼ ሲድን ምን ይዞ ይጀምራል ብዬ ነው።»

ሲድን ሲል ድምፁ አልተለወጠም። እሱ ያውቃል፤ እናቱ ነግረውታል። ግን ቃሉን በተናገሩት ቁጥር እውነት የሚሆን ይመስል ቤቱ ሁሉ «ሲድን» ማለት ለምዶ ነበር።

የመካኒኩ ሚስት ሳፋው አጠገብ ቁጭ አለች። ወንድምየው ያወጣውን ማግኔት አነሳችና ላዩ ላይ የተለጠፈውን በጣቷ አሸችው። ከዚያ ተነስታ እጇን በነጭ ጋዝ ታጠበች።

«ይህን ካየ ያብዳል» አለች።

«አያየውማ! ከጣሳው አዲስ ቅጂለት። ንጹሕ ዘይት አይቶ የሚያዝን ሰው የታለ?»

እሷም አሰበችበት። ከአንድ ትልቅ ውሸት አጠገብ አንዲት ትንሽ ውሸት ምንም አትመስልም። ሐሙስ ከሰዓት ከጣሳው ቀድታ ክዳኑን አጠበቀችው፤ እጇንም እንደገና በነጭ ጋዝ ታጠበች።

መካኒኩ ትራሱን ከፍ አድርጎ እየጠበቃት ነበር። ከስቷል፤ የእጁ አጥንት ብቻ እንደ ድሮው ወፍራም ነው።

«አመጣሽ?»

«አመጣሁ።»

«ጨርቅስ?»

ከስፌት ቤቷ የቀረ ነጭ ቁራጭ ጨርቅ አወጣችለት። ጉልበቱ ላይ ዘረጋው፤ ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ ነክሮ አንድ ጠብታ ጣለበት። ጠብታው ቀስ እያለ ተንሰራፋ። የቀረውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አሸው፣ አሸተተው፣ መልሶ ጨርቁን አየ።

«ያምራል» አለ።

«እንዳልከው ነው የነዳው።»

«በጣም ያምራል። ከጣሳው እንደወጣ ነው የሚያምረው።»

እሷ የአልጋውን ልብስ ጫፍ ማስተካከል ጀመረች።

«ይሄ ዘይት ሥራ አልሠራም» አለ። «አዲስ ዲስክ ሲሟሽ ይበላል። መጥቆር ነበረበት። ጨርቁ ላይ ደግሞ መሃሉ አመድ አመድ የሚል ነጥብ ይተዋል። ይሄ ግን ነጥብ የለውም። ወይ መኪናው ከቆመበት አልተነቃነቀም፣ ወይ ይሄ ሌላ ዘይት ነው።»

ሚስቱ የአልጋውን ልብስ ለቀቀችው።

«አሥር ቁጥር ድንጋይ ጫነ?»

«ጫነ።»

መካኒኩ ሳቀ። ሲስቅ ጎኑን ወጋውና በመዳፉ ደግፎ ሳቁን ጨረሰ። «ገና የሆስፒታሉን ደረጃ ሳይወርድ እኮ ነው የጫነው። እሺ ሲለኝ ከዓይኑ ላይ ድንጋዩ ይታየኝ ነበር። ቀለሙ ምን ይመስላል?»

«የቆየ ሻይ።»

«ጥቁር ግን አይደለም?»

«አይደለም።»

«ሽታው?»

«ካውያ የተረሳበት ሱፍ።»

«ማግኔቱ ላይ ያለው ስብርባሪ ነው ወይስ ዱቄት?»

«ጭቃ ነው። ሲያሹት አይወጋም።»

ቀና ብሎ አያት። «አሸሽው?»

«ትጠይቀኛለህ ብዬ።»

«እንደምጠይቅሽ ካወቅሽ ታዲያ ይህን ለምን አመጣሽልኝ?»

«እንዳትናደድ።»

«ስብርባሪ ከሌለው አልሞተም» አለ መካኒኩ። ብርጭቆውን ከድኖ ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠው። «ደንግጧል እንጂ አልሞተም። ንገሪው፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ የቀረውን አሮጌ ዘይት ሳይቀር ያጥበው። ከዚያ ተራውን ይሙላና ከሀ ይጀምር። ውዱን እንዳይነካው።»

ጨርቁን አጠፈ። ደግሞ አጠፈው። ትንሽ እስኪሆን ድረስ አጠፈው።

«ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ያነጋገራችሁ ቀን ፊትሽን ታጥበሽ ነው የገባሽው። የጨጓራ ቁስል ነው አልሽኝ።»

«አዎ።»

«እሱም ከጣሳው የተቀዳ ነው?»

ሚስቱ በሩን አየች። አማቷ የሚመጡት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የሰጠችው ቃል አለ፤ ያንን ቃል ብታፈርስ አሮጊቷ የሚያደርጉትን ታውቃለች፣ ያሉትን የማያደርጉ ሴት አይደሉም። ዝም ብትል ደግሞ ይህ ሰው እስከ መጨረሻው ቀን የሚያመጡለትን ሁሉ እንዲህ በጣቱ እያሸ፣ እያሸተተ፣ ማንንም ሳያምን ሊተኛ ነው። ጥርጣሬ የገባው ሰው እንዴት እንደሚኖር ታውቃለች፤ ባሏ ራሱ ያጠበቀውን ቡሎን እንኳን ሦስቴ የሚያይ ሰው ነው።

«ጉበትህ ላይ ደርሷል» አለችው። «ቀዶ ጥገና አይጠቅምም አሉ።»

«ጊዜውስ?»

«ሳምንታት። ወራትም ሊሆን ይችላል አሉ።»

ውሃ ስጪኝ አላት፣ ሰጠችው። ግማሹን ጠጣ። በመስኮቱ በኩል አንድ አምቡላንስ ወደ ኋላ እየሄደ ሲቆም ሰማ፤ ነጂው ማርሹን ሲያገባው ብረቱ ተፋጨ። መካኒኩ በልማድ ፊቱን አኮማተረ።

«ለማሟሸቱ ይበቃል» አለ።

ያኔ ነው ያለቀሰችው። እሱ አላለቀሰም፤ እጇን ይዞ «ጣትሽ ጋዝ ጋዝ ይሸታል» አላት።

አማቷ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲገቡ የልጃቸው ፊት ነገራቸው። «እማዬ፣ አውቄዋለሁ፤ ደህና ነኝ» ቢላቸውም አልሰሙትም። ዞረው ምራታቸውን አዩ።

«አፍሽ አላርፍ አለሽ?»

«ጠየቀኝ፣ እማማ።»

«ቢጠይቅሽስ? ስንት ሰው ስንቱን ይጠየቃል!»

ወንበሩን ከእሷ አርቀው ተቀመጡ።

መካኒኩ በሳምንቱ መጨረሻ የሆስፒታሉን አልጋ ለቆ ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት አሥር ቁጥር መኪናውን ከግቢው ያወጣል፣ ወንድሙን ደግፎ ያሳፍራል፣ ሚስቱ መሃል ትቀመጣለች። ባዶው ገልባጭ በሜዳማው መንገድ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ እያለ ይሄዳል። ከኋላ ያለው ጡሩምባ ይነፋል፣ ሚኒባሶች እያለፉ ይሰድቧቸዋል።

«እባክህ ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልርገጠው?»

«እርግጫህን አየነው።»

«ሰው እኮ መንጃ ፈቃድ ዛሬ ያወጣሁ መሰለው።»

«ይምሰለው። ለቀቅ አድርግ፣ ራሱ ይቀይር። ሰማኸው? አሁን ሦስተኛ ገባ። ሳይመታ ገባ።» እጁን ወለሉ ላይ፣ ካምቢዮው ባለበት አናት ላይ ያሳርፋል። ሙቀቱን በመዳፉ ይለካል። ሲደክመው ሚስቱ ትከሻ ላይ ይደገፍና በጆሮው ብቻ ይከታተላል። አንዳንድ ቀን እንቅልፍ ይወስደዋል፤ አሥር ቁጥር ያን ጊዜም ፍጥነት አይጨምርም ነበር።

እናትየው ከመስኮት ሆነው ሲወጡና ሲገቡ ያያሉ። ለልጃቸው ፍራሹን ያነጥፋሉ፣ እግሩን ያሻሉ፣ ያጫውቱታል። ለምራታቸው ግን ዕቃ ሲያቀብሉ እንኳን በልጃቸው በኩል ነው።

ሁለተኛው ዘይት የወጣው መካኒኩ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ እያየ ነው። ቀይነቱ ጠቆር ብሏል፣ አልተቃጠለም። ፊልትሮው ሲቀየር ማሸጊያ ጎሚኒው እንዳይጣመም ሁለት ጊዜ ተቆጣ። ሚስቱ ውዱን ዘይት ከነጣሳው ስታቀብል፣ ሞተሩ እየሠራ ማርሾቹን እያዘዋወረ የዘይቱን ልክ እንዲያይ ወንድሙን አዘዘው። ከዚያ በርዶኛል አለና ወደ ቤት ገባ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ መኪናው አልወጣም።

የሞተው ቅዳሜ ጠዋት፣ ሚስቱም እናቱም አጠገቡ እያሉ ነው። ገልባጩ ከቀብሩ በኋላ ወደ ካባው ተመለሰ፣ ዳገቱንም ጭነቱን ይዞ ወጣ። አማትየው ዕቃቸውን ሰብስበው ትልቋ ልጃቸው ቤት ገቡ። ምራታቸውን በቃል ያነጋገሯት በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ቀሚስ እንድታሳጥርላቸው አምጥተው፣ «እስከዚህ ድረስ» አሏት።