ጥቁሯ መርከብና ዳይሬክተሩ

ጥቁር ፕላስቲክ ፎቶ ሊነሳ የተፈጠረ ነገር አይደለም። ፎቶ አንሺዋ ይህን ያወቀችው መርከቧን ገጣጥማ ጨርሳ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ የመጀመሪያውን ፎቶ ስታነሳ ነው። የመርከቧ ጎን መስታወት ሆኖ ቁጭ አለ። መስኮቱ፣ መጋረጃው፣ የራሷ ግንባር ሳይቀር ጥርት ብለው ይታያሉ፤ የማትታየው መርከቧ ብቻ ናት። መጋረጃውን ስትዘጋ ጨለመ። መብራት ስታበራ አቧራው እንደ ጨው ተነሰነሰ። አቧራውን ስትጠርግ የጣቷ አሻራ ቀረ።

ሥራዋ ለአንድ ድረ ገጽ መጫወቻዎችን ፎቶ እያነሱ መገምገም ነው። በዚህ ሳምንት የደረሳት፣ ከአንድ የቆየ የባሕር ፊልም የተወሰደ፣ ጥቁር ጢም ያለው ትንሽ ካፒቴን የቆመበት፣ በትንንሽ ጡቦች የሚገጣጠም መርከብ ነው። የድረ ገጹ አዘጋጅ ደግሞ "ዛሬ ካልደረሰኝ ሌሎች ይቀድሙናል" እያለ ይነዘንዛታል።

ታላቅ ወንድሟ ሲመጡ ነገሩ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ግን "ዳይሬክተሩ" ነው የሚላቸው። ፊልም ዝም ብለው አያዩማ፣ ያርማሉ! አባታቸው ሲሞት ያሳደጓት እሳቸው ስለሆኑ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ጋሼ እያለች፣ አክብራ ነው የምታናግራቸው።

"ይቺ መርከብ ናት እንዴ?" አሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። "ሁለተኛው ጭስ ማውጫ የት ሄደ?"

"መመሪያው ላይ አንድ ነው፣ ጋሼ።"

"መመሪያውን የጻፈው ሰው ፊልሙን አላየውማ!"

"እኔ የምገመግመው የሚሸጠውን ነው። በእናትዎ አይንኩብኝ።"

"ማን ነካ?"

ስልኳ ጠራ፤ አዘጋጁ ነው። ኮሪደር ወጥታ "እየጨረስኩ ነው" ብላ ዋሽታ ስትመለስ፣ መርከቧ ሁለተኛ ጭስ ማውጫ አብቅላለች። ጡቡን ጋሼ ከየት አመጡት ቢባል፣ ከመርከቧ ሆድ ነዋ! ወለሉ ወደ ውስጥ ሰምጧል። በመከራ ያስተካከለቻቸው ስቲከሮችም ተልጠው ጠረጴዛው ላይ ተበትነዋል።

"አንተ!" አለች። "አንተ ሰውዬ፣ እጅህን አትሰበስብም?"

ጋሼ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። አንዴ እሷን፣ አንዴ መርከቧን አዩ።

"አንተ ተባልኩ" አሉ ቀስ ብለው። ኮታቸውን አንስተው ወጡ። በሩን እንኳ ድርግም አላደረጉትም፤ ቢያደርጉት ይሻላት ነበር።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። ግማሹን መርከብ ፈታ እንደገና ገጠመች። ልታነሳ ካሜራውን ስታስተካክል ግን ካፒቴኑ የለም። ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከች፣ ምንጣፉን ገለበጠች፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን ዘረገፈች። ያለ ካፒቴኑ ደግሞ ግምገማ የለም፤ ሰው ይህን መጫወቻ የሚገዛው ለእሱ ሲል ነው። በመጨረሻ የጋሼ ኮት ትዝ አላት፤ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነበር የተቀመጠው።

ራሷን እየረገመች መንገዱን ተሻግራ በራቸውን አንኳኳች።

"ግቢ" አሉ። ካፒቴኑ ከፊታቸው ጋዜጣ ላይ ተጋድሟል።

"ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። አፌን በቆረጠው! እርስዎን እንደዚያ ብዬ..."

"ተይው። ሥራ ሰውን ያሳብዳል። እኔም መሪ ይዤ ስንቱን ተሳድቤያለሁ። ካፒቴኑም ከኮቴ ጋር ተጠቅልሎ መጥቶ ነው።"

እፎይ አለች። እፎይታዋ ግን ካፒቴኑን እስክታነሳው ነበር። ያ የሚያምር ጥቁር ጢሙ የለም። ከአፍንጫው በታች ፊቱ በምላጭ ተፍቆ እንደ ታመመ ሰው ገርጥቷል።

"በፊልሙ ጢም የለውም" አሉ ጋሼ፣ ስጦታ እንዳመጣ ሰው ፈገግ እያሉ። "ተቀይሜሽ እንኳ ሥራሽን አልተውኩም።"

ጩኸቷ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ዋጠችው። በአንድ ቀን ሁለቴ አንተ አይባልም።

"ዕድሜ ይስጥልኝ" አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።

ቤቷ ተመልሳ ካፒቴኑን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙራ ፎቶ አነሳችው። ጡቡ እንደሚያንጸባርቅ፣ ስቲከሩ በትንሽ ነገር እንደሚላጥ፣ ወለሉ እንደሚሰምጥ እልኋን ሁሉ ጽፋ ላከች። ወዲያው አዘጋጁ ደወለ።

"ካፒቴኑ ለምንድነው ጀርባውን የሰጠን?"

"ባሕር እያየ ነው።"

"የቱን ባሕር? ግድግዳ ነው እኮ የሚታየኝ!"

"እንግዲህ ከፈለግክ አውጣው፣ ካልፈለግክ ተወው" ብላ ስልኩን ዘጋች። ወንበሯ ላይ ተዘርፍጣ መርከቧን ስታፈጥጥባት ቆየች። ከዚያ ከጫፏ ጀምራ አንድ በአንድ ታፈራርሳት ጀመር።