ለምስጋና ያስቀጸልኩት ሕግ

ምስጋናን እጠላዋለሁ። ይህን ስል አላፍርም። ዐሥራ አንደኛ ክፍል እያለን፣ በሒሳብ ፈተና መሐል ከመሬት ቁራጭ ወረቀት አንስቶ «የመነን ነው፤ ስትጥለው አይቻለሁ» ያለው እሱ ነው። ወረቀቱ የእኔ አልነበረም። ብምል ብገዘት ማን ይስማኝ! እሱ ዲያቆን ነው። ዜሮ ተሰጠኝ።

ዘንድሮ፣ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ፣ እኔ በምመራው የአንድ ለአምስት የጥናት ቡድን ውስጥ መደቡት። ለአምስታችን የደረሰን የካልኩለስ መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፤ መሪዋ እኔ ነኝና እኔ ዘንድ ያድራል።

«ሁለት ፈንክሽን ተባዝተው ዴሪቬቲቫቸውን ፈልግ ሲሉኝ ምን ላድርግ?» አለኝ ምስጋና አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ።

ትክክለኛው መንገድ ረዘም ይላል። የመጀመሪያውን ዴሪቬቲቭ በሁለተኛው ማባዛት፣ የሁለተኛውን ደግሞ በመጀመሪያው ማባዛት፣ ከዚያ መደመር ነው። መጽሐፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።

«የእያንዳንዳቸውን ፈልግ፤ አባዛቸው፤ አለቀ» አልኩት።

«ይኸው ነው?»

«ምነዋ፣ ቃሌን ትጠራጠራለህ?»

አልተጠራጠረም። ገነተ ማርያም አብነት ትምህርት ቤት ያደገ ነው። ከአስተማሪ አፍ የተቀበለውን እየተወዛወዘ በቃሉ ይይዛል፤ ከያዘ በኋላ ደግሞ ላልያዘው ቃል በቃል እያስደገመ ያስቀጽላል። እነሱ ዘንድ ወጉ ነው፤ ያወቀ ሰው አይሰስትም። ዐይኔ እያየ ሦስት ጊዜ ደገመው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ታላቅ እህቴ ዳግማዊት አምና ተፈትና ለጥቂት ወድቃለች። ዘንድሮ በግል ልትፈተን ቤት ታጠናለች። ካላለፈች የአክስታችን የይማርሽ የመስቀል መሸጫ ሱቅ ይጠብቃታል፤ ጎብኚ ከጠፋ ወዲህ እዚያ ያለው ሥራ አቧራ ማራገፍ ነው። «ሁለተኛ አልፈተንም፤ አቅሙም የለኝ» ብላለች። በዚያው ሳምንት ደብተሯን ይዛ መጣችብኝ።

«እስቲ ይቺን አሳዪኝ።»

«የራሴን ላጥናበት እንጂ! ሌላ ሰው የለም?» ብዬ ጮኽኩባት። ደብተሯን አጥፋ ወጣች።

ወልድያ ወርደን ተፈተንን። ሒሳቡ ላይ አራት የብዜት ጥያቄ መጣ። በእያንዳንዱ ምስጋናን እያሰብኩ ሳቅሁ። ስንመለስ መኪናው ሽቅብ ሲያቃስት ዳግማዊት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ እንዲህ ደስ ብሏት ካየኋት ዓመት አልፎኛል።

«የብዜቶቹን አራቱንም አጥቁሬ ወጣሁ» አለችኝ። «ያገኘሁት ሁሉ ምርጫው ውስጥ አለ!»

«እንዴት አድርገሽ ሠራሻቸው?»

እየተወዛወዘች አወረደችው። «የእያንዳንዳቸውን ፈልግ፤ አባዛቸው፤ አለቀ።»

ወደ እሷ ዞርኩ። «ማነው ያስቀጸለሽ?»

«ምስጋና ነዋ። ሦስት ቀን ደከመልኝ። እንዲህማ አይቀልም ብዬ አላመንኩትም ነበር። ‹የመነን ነው› ሲለኝ ግን አመንኩ።»

ከፊት ወንበር ምስጋና ዞር ብሎ በትሕትና አንገቱን ሰበር አደረገልኝ። በዚህኛው አልዋሸም።

«ልክ ነው አይደል?» አለች ዳግማዊት፣ እየሳቀች።