አርቪድ ያልፈረመበት ዓመት

ቬርና ሃውገን ሠላሳ አራት ዓመት የኖርድቢን ልጆች ሒሳብ አስተምራ ጡረታ ወጣች። ማረፍ ሲገባት ግን የከተማዋ እሳት አጥፊዎች የጡረታ ማኅበር ጸሐፊ ሆነች። ያለ ቀይ እስክሪብቶ መኖር አትችልም መሰለኝ።

ኖርድቢ ውስጥ እሳት የሚያጠፋው ደመወዝተኛ አይደለም። ዳቦ ጋጋሪው፣ ሾፌሩ፣ የባንኩ ገንዘብ ከፋይ ሳይረን ሲጮህ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ለዚህ ሁሉ የሚከፈለው አንዴ፣ ሲሰናበት ነው፤ ባገለገለበት ዓመት ልክ ታስቦ። ገንዘቡ የሚገኘው ግዛቱ ከቤት መድን ቀረጥ ላይ ከሚያካፍለው ነው። ዘንድሮ ካዝናው ደህና ስለሞላ፣ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የሚታሰበው ከአንድ ሺህ ስምንት መቶ ዶላር ወደ ሁለት ሺህ አራት መቶ ከፍ እንዲል ማኅበሩ ጠየቀ። የከተማው ምክር ቤት ማክሰኞ ሊወስን ነው።

ቬርናን ያስጨነቃት ጭማሪው ሳይሆን አርቪድ ስሌተን ነበር። ቧንቧ ሠራተኛው አርቪድ ጉልበቱ አልታዘዝ ስላለው በዓመቱ መጨረሻ ይሰናበታል። ሃያ ዓመት የሞላው ሙሉውን ያገኛል፤ ያልሞላው ብዙ ይቀነስበታል። አርቪድ ደግሞ ከዚህ ሌላ ጡረታ የለውም። በመዝገቧ ላይ ያለው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብቻ ነው። ሃያ ያደርስለት የነበረውን አንድ ያለፈ ዓመት የሰረዘችው ራሷ ናት። ደንቡ በዓመት ቢያንስ አሥራ አራት ጥሪ ላይ መገኘትን ይጠይቃል፤ አርቪድ ግን በዚያ ዓመት ከአርባ ጥሪ የፈረመው ዘጠኝ ጊዜ ነበር።

ጎረቤቷ ቤት የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ሲጠግን አገኘችው።

"ያን ዓመት የት ነበርክ?"

"እሳት ላይ።"

"ታዲያ ለምን አልፈረምክም?"

"ስመጣ ወረቀቱ ተሰብስቦ ነዋ።" ጭንቅላቱን ከገንዳው ሥር እንኳ አላወጣም። "ተይው ቬርና፣ እኔ ለፊርማ ብዬ አልገባሁም።"

"አንተ ግትር! ላንተ ስል መዝገብ ላይ ልዋሽ?"

"ማን ዋሺ አለሽ? ይልቅ መፍቻውን አቀብዪኝ።"

አቀብላው ወጣች። መንገድ ላይ ግን ነገሩ ከነከናት። ሁሉም በአንድ መኪና ሄደው በአንድ መኪና ይመለሳሉ። እሱ ብቻ ከየት ነው ዘግይቶ የሚመጣው?

ከቤቷ በፊት ወደ እሳት አደጋ ጣቢያው አመራች። ከእሳት ሲመለሱ የሚፈርሙበት ጠረጴዛ በር ላይ፣ ከሚቀርብላቸው ዶናት ጎን ነው። ከኋላ ደግሞ ረጅም ጠባብ ማማ አለ፤ የውሃ ቱቦዎቹ ከእሳት መልስ ታጥበው እዚያ ተሰቅለው ይደርቃሉ። እርጥቡ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ይሻግታል፣ በሚቀጥለው እሳት ይፈነዳል። እያንዳንዱ ቱቦ ካርድ አለው፤ ያጠበው ሰው ቀኑንና የስሙን መነሻ ፊደላት ይጽፍበታል። ቱቦው እስኪወገድ ካርዱ አይጣልም። ቬርና መነጽሯን አድርጋ በቀይ እስክሪብቶ መቁጠር ጀመረች። አ.ስ.፣ አ.ስ.፣ አሁንም አ.ስ.። በዚያ ዓመት ብቻ ሠላሳ አንድ ቀን።

ማክሰኞ ካርዶቹን ምክር ቤቱ ፊት ዘረገፈቻቸው። ከንቲባው ዴል ኦስትቢ የጥንት ተማሪዋ ነው።

"ቲቸር፣ ይሄ እኮ የቱቦ መዝገብ ነው። የሰው አይደለም።"

"ዴል፣ መልሱን ብቻ ጽፈህ ስታመጣ ምን እልህ ነበር?"

ዴል ጆሮው ቀላ። "'አሠራሩን አሳይ' ይሉኝ ነበር።"

"ይኸው አሠራሩ።"

የእሳት አጥፊዎቹ አለቃ ሮይ ከኋላ ተነሣ። "እውነቷን ነው። እኛ ፈርመን ዶናት ስንበላ የሚያጥበው እሱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቱቦ ፈንድቶብን አያውቅም፤ አንድ ቀን እንኳ ለምን ብለን አልጠየቅንም።"

አርቪድ ጣሪያውን ያይ ነበር፤ የሚያፈስ ቧንቧ ያለ ይመስል።

ጭማሪው ጸደቀ፤ ሃያኛው ዓመትም ተመለሰ። ማጨብጨብ እንደጀመሩ ሳይረኑ ጮኸ። ከባቡር ሐዲዱ ዳር ሣር ተያይዟል። የአዳራሹ ግማሽ ወንበር እየገለበጠ ወጣ፤ አርቪድም እያነከሰ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመለሱ ቬርናን ጣቢያው ውስጥ ቆማ አገኟት። ሁሉም ፈርመው ዶናታቸውን አነሡ። እሷ ወረቀቱን ይዛ ወደ ማማው ሄደች። አርቪድ እስከ ክርኑ አረፋ ውስጥ ነው።

"ፈርም።"

"እጄ እርጥብ ነው።"

"ይድረቅ።" ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። "እጠብቃለሁ።"